ያልተረጋገጠ ለቅሶ

የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «ከግንባር የመጣ መርዶ ያለ ድርጅቱ ማረጋገጫ አይነገርም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ወንበር አይወጣም፤ ነጠላ አይዘቀዘቅም።» አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ስለኖርኩ የሰፈሩ ሰው ጽሑፍ ሲቸግረው ወደ እኔ ይመጣል። የብሎክ አርባ አንድ ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል።

በ2079 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ለቅሶ ብርቅ ነበር። ጦርነቱ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከእኛ ብሎክ ብቻ አርባ ሰባት ልጆች ግንባር ናቸው፤ የመጣው መርዶ ግን ሁለት ብቻ ነው። «የእኛ ልጆች የእናት ጸሎት አላቸው» እንባባል ነበር። ጎረቤት ብሎኮችም እንደዚያው ይባባሉ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ልጁ የዘመተበት ቤት ሁሉ አንዲት ጥቁር ሳጥን ይሰጠዋል። ድሮ ቴሌቪዥን የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች፤ እናቶች ዳንቴል ያለብሷታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመደበላት ሰዓት፣ አረንጓዴ ታበራና የልጁ ድምፅ ይመጣል፤ ሦስት ደቂቃ። ቤተሰቡ በአንድ ደቂቃ ይመልሳል፤ ለዚያ መልሱ በሳምንቱ ይመጣል። ይህን «አለሁታ» እንለዋለን። ደረጃ ላይ ሲገናኙ «የሳምንቱ አለሁታ መጣልሽ?» መባባል «እንዴት አደርሽ»ን ተክቶታል። የእኔ ሐሙስ ነው። የልጅ ልጄ ማኅሌት የግንባር ነርስ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጫማዬን አጥልቄ ሳጥኗ ፊት እቀመጣለሁ። እቤቴ ተቀምጬ ጫማ ለምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም።

ሳጥኗን የሚያቀርበውም፣ ለወታደሩ ስንቁን፣ ልብሱንና መድኃኒቱን የሚያቀርበውም ያው አንድ ድርጅት ነው። የሚከፈለው በሕይወት ባለ ወታደር ልክ ነው። ይህ የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ በራዲዮ ተነግሯል። ማናችንም ግን ቁጭ ብለን አላሰብነውም።

ያሰበችው ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ኖላዊት አድማሱ ናት። ለድርጅቱ አዳማጭ ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች። አዳማጭ ማለት መልእክቱ ቤተሰብ ጋ ከመድረሱ በፊት ሰምቶ፣ ወታደሩ ያለበትን ቦታ ወይም የጦሩን ብዛት ካወራ ቆርጦ የሚያስቀር ሰው ነው። የራስን ዘመድ ማዳመጥ ክልክል ነው። ስለዚህ የአንድ ልጇን የናሁሰናይን ድምፅ ሌላ አዳማጭ ይሰማዋል፤ ለእሷ ከደረሷት መቶ ስድሳ ወታደሮች አንዱ ደግሞ ቃለአብ ነበር። ቃለአብ በር ለበር የምትገጥማት የሶልያና ልጅ ነው። ሥራው ምስጢር ስለሆነ ሶልያና ይህን አታውቅም።

ሁለቱንም ልጆች አስተምሬአቸዋለሁ። ቃለአብ መሐላ አፉ ላይ የተጣበቀ ልጅ ነበር። «የቤት ሥራህስ?» ስለው «እማዬ ትሙት ሠርቼ ነበር» ይላል፤ ደብተሩ ባዶ ነው። ናሁሰናይ ተቃራኒው ነው። ሰባት ዓመቱ ላይ ብርጭቆ ሰብሮ «አባዬ ይሙት፣ እኔ አልሰበርኩም» ብሎ ማለ፤ አባትዬው በዚያው ሳምንት መኪና ገልብጦ ሞተ። ልጁ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። እናቱ ብትነግረው፣ ቄስ ቢነግረው፣ እኔ ብነግረው አልሰማንም። ከዚያ ወዲያ ያ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልጆች ግቢ ውስጥ ከበው «በሞቴ በል! በሞቴ በልና ኳሷን እንስጥህ!» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ኳሷን ትቶ ይሄዳል። «በእውነት» ነበር የሚለው፤ ለትልቁም ለትንሹም «በእውነት»።

ቃለአብ ግንባር ሆኖም አልታረመም። «እማዬ ትሙት ደህና ነኝ፤ በሞቴ ለአክስቴ ሰላም በይልኝ፤ ቃሌ ይሙት ጫማ ሰጥተውናል።» ኖላዊት አንድ ቀን ስትቆጥር በሦስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ገድሎ አገኘችው። ብቻዋን ስቃለች፤ ለማን ትንገረው።

ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ግን የቃለአብ መልእክት ያለ አንዲት መሐላ መምጣት ጀመረ። ልጁ ሰላም ይላል፣ «ጤናሽን ጠብቂ» ይላል፣ ይመርቃል፤ ማንንም አይገድልም። ሶልያና ደረጃው ላይ ይዛት፦

«የናሁ እናት፣ ልጄ እኮ ጨዋ ሆነልኝ!» አለቻት። «ያ ሁሉ መሐላ ጠፋ። ጦርነቱ አረመው።»

«እሰይ» አለች ኖላዊት። ቤቷ ገብታ በሩን ቆለፈች።

በማግስቱ የሌሎቹን ልጆች የቆየ ድምፅ እያወጣች ታዳምጥ ጀመር። ሃያ ሦስት ሆኑ። ሃያ ሦስቱም የሆነ ሳምንት ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሞትን መጥራት ትተዋል። «ልሙትልሽ» የለም፤ «በሳቅ ሞትን» የለም፤ «በራብ ልሞት ነው» የለም። እኛ አገር ሞትን ሳይጠራ ሦስት ደቂቃ የሚያወራ ጤነኛ ወጣት ከየት ይመጣል? ሲወድም ሲምልም ሲስቅም ሲርበውም ይሞታል። በእነዚህ ልጆች ድምፅ የሚናገረው የድርጅቱ ማሽን ግን ቤተሰብ እንዳይደነግጥ ተብሎ ያ ቃል ተከልክሏል።

ቢሆንም ለመፍረድ አልቸኮለችም። ከቃለአብ ጋር አንድ ምሽግ የነበረ አንድ አሥር አለቃ አንድ እግሩን ግንባር ትቶ መመለሱን ሰማችና ፈልጋ አገኘችው።

«ቃልዬን?» አላት። «የቀበርኩት እኔ ነኝ። በጥምቀት ሰሞን። እናቱ ጋ ለመሄድ እኮ አስቤ፣ ለቅሶው ስላልተረጋገጠ እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ኖላዊት ዘጠኝ ገጽ ጻፈች። የሃያ ሦስቱን ስም፣ የእያንዳንዱን የመጨረሻ መሐላ ቀን፣ እንዴት እንዳወቀችም አንድ በአንድ። የጦርነት አቅርቦት ሙስና የሚጠቆምበት መስኮት ላይ «የጠቋሚው ማንነት በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ተለጥፏል፤ ስም መተው ይቻላል። እሷ ግን «ስም የሌለው ወረቀት ሐሜት ነው» ብላ ስሟን ጽፋ ፈረመች። መስኮቱን በጨረታ አሸንፎ የሚያሠራው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። እኛም ብንሆን አንጠይቅም ነበር። እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?

ድርጅቱ አልሰደባትም፤ ከሥራም አላባረራትም። የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላት። ከዚያ ለብቻዋ ወደ አንዲት ክፍል አዛወሯት፤ ምንም የማይሰማበት የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ስምንት ሰዓት ሙሉ ትቀመጣለች። ካወለቀችው ከሥራ እንደቀረች ይቆጠራል። አውቶቡስ ስትሳፈር በሩ ለእሷ አልከፈት ማለት ጀመረ፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ሲጠጋ ይከፈታል። ሰው ከእሷ ጋር መጠጋቱን የፈራው ያኔ ነው። ማንም ምንም ሳይለው ፈራ።

ግንቦት ላይ ሃያ ሦስቱ ሳጥኖች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፦ «በአንዲት አዳማጭ የሐሰት ጥቆማ ምክንያት የልጅዎ አለሁታ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል።» ስሟን አልጠሩም። በማግስቱ ስሟን የማያውቅ አልነበረም።

ሶልያና የኖላዊትን በር በመዳፏ እየደበደበች ስትጮህ ከታች ሆኜ ሰምቻለሁ። «ምን አደረግኩሽ? በየሳምንቱ ያናግረኝ ነበር እኮ! ገደልሽብኝ! ልጄን ገደልሽብኝ!» ኖላዊት ከውስጥ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። እውነቱ አፏ ላይ ነበር፤ ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሲነጋ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ የምትወድቀውን የሚይዝ ጠንካራ ሰው አጠገቧ ቆሞ። በተናደደች እናት ላይ በተዘጋ በር በኩል መርዶ አይወረወርም። ስለዚህ ዝም ብላ ተሰደበች።

ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ ወረደች።

«ጋሼ ሮቤል፣ እርስዎ ሰው ሰብስበው ይንገሯት። በወጉ። የቀበረውን ልጅ እኔ አመጣዋለሁ።»

«ማረጋገጫ አለሽ?» አልኳት።

አየችኝ። እንዲያ ዓይነት አስተያየት የማውቀው ባላጠፋው ነገር ከቀጣሁት ተማሪ ነው። «አንቀጽ ዘጠኝ» አለችና ወጣች። አለማፈሬ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ አቶ አቤኔዘር የሚባል የድርጅቱ ሰው ወደ ቢሮዬ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ፤ ሻይ ስጋብዘውም ስኳሩን ራሱ አማሰለ። ኖላዊት ከዕድሩ እንድትወጣ የሚል ወረቀት ይዟል፤ ምክንያቱ «የአባላትን ሰላም ማወክ» ይላል። ከዕድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ፤ ብትሞት የሚቀብራት፣ ቢሞትባት የሚያስተዛዝናት የለም ማለት ነው። ብዕር አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ሮቤል፣» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «የእርስዎ ሐሙስ ነው፣ አይደል?»

ፈረምኩ። በዚያ ሐሙስ የማኅሌት ድምፅ በሰዓቱ መጣ። «አባባ፣ በሞቴ መድኃኒትህን ዋጥ» አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ከዚያ የኖላዊት ሳጥን ዝም አለ። የናሁ ቀን ረቡዕ ነው። አንድ ረቡዕ አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቤቷ ከቤቴ በላይ ስለሆነ ረቡዕ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ወንበር ስትጎትት ይሰማኛል፤ ሦስት ደቂቃ ጸጥታ፤ ከዚያ ወንበሩን ስትመልስ። አቶ አቤኔዘር መጥቶ «ጥቆማዬ ሐሰት ነበር ብለሽ ፈርሚ፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ይመጣል» አላት። እምቢ አለች። ሃያ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ሳያለቅሱ ሊቀሩ ነው፤ ፊርማዋ ያን በር የሚዘጋ የመጨረሻው ቁልፍ ነው። ዘጠኝ ረቡዕ ቻለች።

ከዘጠነኛው በኋላ ፈረመች። እኔ ጋ መጥታ ራሷ ነገረችኝ፤ ሌላ የሚያናግራት አልነበረም።

«ሃያ ሦስት እናት ሸጥኩ፣ ጋሼ። ድምፁን ብቻ ልስማ ብዬ።»

«እናት ነሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? እኔ በአንድ ጥያቄ የፈረምኩ ሰው ነኝ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሬ ተንኳኳ። ኖላዊት ናት፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ከዓመት በዓል ውጭ የማትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

«ብቻዬን መስማት አልቻልኩም፣ ጋሼ። ትንሽ ይቀመጡልኝ።»

ወጣሁ። በሯን ክፍት አድርገን ተቀመጥን፤ የዘጋ ሰው ምን ደብቆ ነው ይባላል። ሳጥኗ ነጭ ዳንቴል ለብሳለች። ልክ አሥር ሰዓት ላይ አረንጓዴ አበራች። ኖላዊት እጄን ያዘች።

«እማ፣ እንዴት ነሽ?»

የናሁ ድምፅ ነው። ቃል ከመጀመሩ በፊት የሚስባት ትንሽ ትንፋሽ ሳትቀር፣ የናሁ ናት። ኖላዊት እጄን ጨምቃ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። እኔም ተመስገን አልኩ።

«ስለቆየሁ አትቆጪኝ፤ መስመር ተበላሽቶ ነው። እማዬ ትሙት ደህና ነኝ። ጋሼ ሮቤልን ሰላም በይልኝ። በሞቴ፣ እንዳታለቅሺ። ልሙትልሽ፣ በደንብ ብዪ…»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። እጄን ለቀቀች።

ድምፁ ሦስት ደቂቃውን ሞላ። አራት ጊዜ ማለ። ያ ኳሷን ትቶ የሚሄድ ልጅ፣ ከሰባት እስከ ሃያ ሁለት ዓመቱ አንዲት መሐላ ያልወጣችው ልጅ፣ አራት ጊዜ ማለ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። መናገር የእኔ ሥራ ነበር፤ በዚህ ሰፈር መርዶ የምናገረው እኔ ነኝ።

«ወረቀቴን በደንብ አንብበውታል» አለች ቀስ ብላ። «የጎደለውን ሞሉት። ለሁሉም በአንድ ልክ።»

መልስ የሚሰጥበት መብራት በራ፤ አንድ ደቂቃ። የምትጮህ መሰለኝ። ወደ ሳጥኗ ጎንበስ አለች፤ ልጁ ትንሽ ሳለ እንቅልፍ ሲወስደው ታናግረው የነበረውን በሚመስል ድምፅ፦

«ናሁዬ፣ አባትህን የገደልከው አንተ አይደለህም። ልጅ ነበርክ። ብርጭቆ ነው የሰበርከው፤ ሌላ ምንም አላጠፋህም። ሰማኸኝ፣ ልጄ?»

የቀረውን ጊዜ ጠበቀች። መብራቱ ሲጠፋ ዳንቴሉን ከሳጥኗ ላይ አነሳች፣ አራት ላይ አጠፈችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከበሩ ኋላ ነጠላዋን አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ደረጃውን ወረደች፤ እኔም ከኋላዋ።

ረቡዕ የውኃ ቀን ነው፤ ግቢው በጀሪካን ሰልፍ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላዋን አዩ። አንዷ ልጇን ጎትታ ወደ ቤት አስገባች። ኖላዊት ከደረጃው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። የሚሰማው ጀሪካን ውስጥ የሚወርደው ውኃ ብቻ ነበር።

ሶልያና ከሰልፉ ወጣች። ልትሰድባት መስሎኝ ወደፊት ራመድ አልኩ። ፊቷ ቆመች።

«ምን ሆነሽ ነው? አለሁታ መጥቶልሽ የለም እንዴ? እዚህ ድረስ ሰምቼዋለሁ።»

«መጥቷል።»

«ታዲያ ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ» አለች ኖላዊት። «ማለ።»

ሶልያና ያንን ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። በእሷ ቤት ስንት ቀን በልቷል፤ «በሞቴ ጉረስ» ስትለው እንኳ ፊቱ ይገረጣ ነበር። እጇን አፏ ላይ ጫነች። የምታስበው ስለ ናሁ ብቻ እንዳልሆነ ፊቷ ላይ አየሁ፤ ጨዋ የሆነላትን ልጇን ነበር የምታስበው።

ጀሪካኗን አስቀምጣ ከኖላዊት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የኔስ?» አለች። «የኔስ መቼ ነው?»

«በጥምቀት ሰሞን። የቀበረውን ልጅ አግኝቼዋለሁ። ብቻውን አልነበረም፣ የቃለአብ እናት። ሰው አብሮት ነበር።»

መርዶው እንዲህ ተነገረ፤ ሳይነጋ ሳይመሽ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በውኃ ሰልፍ መካከል። መጀመሪያ የጮኸችው ሶልያና ናት። የጠራችው ግን ሁለቱንም ነው፤ «ቃልዬ! ናሁዬ!» እያለች እያፈራረቀች። ከዚያ ከሰልፉ ሌላዋ ወጣች፤ የእሷም ሳጥን ግንቦት ላይ ዝም ካሉት ናት። ከዚያ ሌላዋ። ውኃው ጀሪካን ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሚዘጋው አልነበረም።

እኔ ወደ ዕድሩ መጋዘን ሄድኩ። ድንኳኑ ለግንባር ለቅሶ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በሩ ቅጽ ካልተሞላለት አይከፈትም። ቅጹን ራሴ ስላዘጋጀሁት በቃሌ አውቀዋለሁ። የሟች ስም፦ ናሁሰናይ ይርጋ። ቀጥሎ ቃለአብ ሽመልስ። የሟች ቤተሰብ፣ የዕድሩ አባል ናት ወይስ አይደለችም፦ ናት። «የመርዶው ምንጭ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የሚጻፍበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድርጅቱ ማረጋገጫ ቁጥር።

«ሟቹ ራሱ» ብዬ ጻፍኩ።

በሩ የጸሐፊውን ፊርማ ጠየቀኝ። ከግቢው የሴቶቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ማኅሌት ባለፈው ሐሙስ የነገረችኝን አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ሳቋን፣ «አባባ» ስትል የምታስረዝመውን፣ በሞቴ ያለችውን። ከግንቦት ወዲህ ያለችውን ሁሉ።

ፈረምኩ። በሩ ተከፈተ። የድንኳኑን ብረት ብቻዬን እየጎተትኩ ማውጣት ጀመርኩ።

ነገ ሐሙስ ነው።